ያቺ እናት የት ደረሰች?

(በእናቶችና ሕፃናት ጤና የረጅም ጊዜ ክትትል ላይ ለሚሰማሩ አዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ ተቆጣጣሪዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ የቀበሌ አስተዳዳሪዎች፣ የእድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንዲሁም ከነገ ወዲያ ቦርሳችሁን አንግታችሁ ወደየጎጡ የምትወጡ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ? ከሩቅ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የወሰደው ግን ከቤት ቤት መዞሩ ነው። መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ ኋላም የመስክ ተቆጣጣሪ ሆኜ እናቶችን ከእርግዝናቸው፣ ልጆቻቸውን ከተወለዱበት ቀን ጀምረው ለዓመታት በሚከታተሉ ጥናቶች ውስጥ ሠርቻለሁ። ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ወደ አንድ ቤት ለምን ደጋግመን እንደምንሄድ። ሁለተኛ፣ ከዝርዝራችን ማን እንደሚጠፋና ለምን እንደሚጠፋ። ሦስተኛ፣ በራቸውን ለከፈቱልን እናቶች ምን ዕዳ እንዳለብን። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ። የዚህ ሥራ ሞቱም ሽረቱም እዚያ ላይ ነው።

ከአንደኛው ልጀምር። አንድ ጊዜ ሄዶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ መመለስ ለምን አይበቃም?

አንድ ጊዜ የሚደረግ ጥናት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በፍጹም! በ2000 የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲደረግ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ ተገኘ። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረው፣ በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 38 ሆኑ። ይህን ያወቅነው በዳሰሳው ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዳሰሳ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። እነሆ አንዲት እናት ታዝናለች፣ እንቅልፍ የላትም፤ ልጇም ከስቷል። የቱ ቀደመ? ልጇ ስለታመመ ነው ያዘነችው? ወይስ እሷ ስላዘነች ነው ልጁ የታመመው? ወይስ ሁለቱንም ያመጣው ችግሩ ነው? አንድ ቀን ብቻ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል? ማሳውን በአጨዳ ቀን ብቻ ያየ ሰው ምርቱ ያነሰው በዘሩ ይሁን በዝናቡ ወይም በአረሙ መለየት አይችልም። ከዘር ጀምሮ የተመላለሰው ነው የሚያውቀው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዘው መልስ ከፈለጉት መካከል የቡታጅራው ሥራ አንዱ ነው፤ እኔም እሱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ አካባቢ የክትትል ሥራ ጀመረ። ሥራውን ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው ዶክተር ደስታ ሻመቦ ነበሩ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው በየቤቱ የተወለደ፣ የሞተ፣ የገባ፣ የወጣ ሁሉ ይመዘገብ ጀመር። ደርግ ወድቆ መንግሥት ሲለወጥም መዝገቡ አልተዘጋም። እስቲ አስቡት! ብዙ ነገር ፈርሶ እንደ አዲስ በተሠራበት ዘመን፣ አንድ ወጣት ቅጹን በክንዱ ይዞ "ከባለፈው ወዲህ የተወለደ አለ ወይ?" እያለ ይዞር ነበር።

ያ መዝገብ ስለነበረ ነው ከ2005 አጋማሽ እስከ 2006 መጀመሪያ ባሉት ወራት፣ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ላይ የነበሩ 1,065 ሴቶችን ፈልጎ ማግኘትና ከልጆቻቸው ጋር ለዓመታት መከተል የተቻለው። ሴቶቹ ስላለፈው አንድ ወር ሃያ ጥያቄ ተጠየቁ። ራስሽን ያምሻል ወይ? እንቅልፍ እምቢ ይልሻል ወይ? የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል ወይ? ከወትሮው የበለጠ ታለቅሻለሽ ወይ? ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሻል ወይ? እንዲህ ያሉ "አዎን" ወይም "የለም" የሚባልባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ወለዱ፤ ተመልሶም ተጠየቀ።

ምን ተገኘ? በእርግዝና ጊዜ የጭንቀትና የሐዘን ምልክት የበዛባቸው ሴቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የመርዘም ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። ከወለዱም በኋላ ጡት ማጥባት የሚጀምሩት ዘግይተው ሆነ። ጭንቀቱ ከእርግዝና አልፎ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ደግሞ በተቅማጥ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር።

ልብ በሉ ደግሞ፤ ያልተገኘ ነገርም አለ። በፓኪስታንና በሕንድ የተደረጉ ጥናቶች የእናት ጭንቀት የልጁን ክብደትና ቁመት እንደሚጎዳ አሳይተው ነበር። ቡታጅራም እንደዚያው ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ። አልሆነም። የሕፃናቱ የክብደት ማነስና መቀንጨር ከእናቶቻቸው ጭንቀት ጋር የሚያያዝበት ማስረጃ አልተገኘም። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከተገኘው እኩል የምወደው ይህንን ያልተገኘውን ነው። ለምን? በሌላ አገር የታየውን ለእኛ እናት እንዳለ መውሰድ እንደማይቻል ነግሮናልና። የእኛን ጉዳይ እኛው ካልተከታተልነው ማን ይከታተልልናል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቀበሌ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት ልጅ እግር ሴት ቤት ገባሁ። ከዚያ በፊትም ደርሼባታለሁ፤ ታውቀኛለች። እንሰት ትፍቃለች፤ ከሳንቃው ላይ አጋድማ፣ በአንድ እግሯ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እየላገች። አማቷ ከምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ጥያቄዎቹን ጠየቅኋት፤ ለሁሉም "የለም" አለችኝ። ወረቀቴን አጥፌ ልነሣ ስል አማቲቱ ፍየሎቹን ሊመልሱ ወጡ። ልጅቷ መፋቋን ሳታቆም፣ ቀና ሳትል፣ "እህቴ፣ ቅድም የጠየቅሽኝን አሁን ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት። ከግማሽ በላዩን "አዎን" አለች። ስለ ሞት ለሚጠይቀውም ጭምር።

ልጆቼ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው መልስ "ሙሉ" ነበር። አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ሱፐርቫይዘር ቢያየው ያልፈዋል፤ ኮምፒዩተርም ይቀበለዋል። እውነት ግን አልነበረም። ያቺ ልጅ እውነቱን የነገረችኝ ስለምታውቀኝ ነው። ተመልሼ እንደምመጣ ስለምታውቅ ነው። የረጅም ጊዜ ክትትል ጥቅሙ በሳይንስ መጻሕፍት ላይ ከተጻፈው ሌላ ይህም አለው፤ ሰው የሚናገረው ለሚመላለስ ሰው ነው።

ከእኛ አገር ወጣ ብለን አንድ ሥራ እንይ። በጓቲማላ ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች የተደረገ ጥናት ነበር። በሁለቱ መንደሮች ለእናቶችና ለሕፃናት አቶሌ የሚባል፣ እንደ እኛ አጥሚት ያለ ፕሮቲን የተጨመረበት መጠጥ በየቀኑ ይቀርብ ነበር። በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ቀለል ያለ ጣፋጭ መጠጥ ይቀርባል። ሁለቱም ውስጥ ቪታሚን ነበረበት፤ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ይጠጣል። ሥራው በ1977 አለቀ። ሕፃናቱ ቁመታቸው ተለክቶ፣ ጽሑፍ ተጽፎ፣ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አላበቃም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው እነዚያን ልጆች ፈለጉ፤ አሁን ጎልማሶች ሆነዋል፤ ከመንደራቸው ወጥተው ከተማ የገቡም አሉ። ምን ያገኙ ይመስላችኋል? ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አቶሌውን ያገኙ ወንዶች የሰዓት ደመወዛቸው ከመቶ 46 ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ከሦስት ዓመታቸው በኋላ የጠጡት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ በ2008 ታተመ።

በ1970 ያንን ጽዋ የቀዳችው ሠራተኛ ይህን ታውቅ ነበር? አታውቅም። በ1977 "በቃ፣ ጨርሰናል" ብለው መዝገቡን ቢያቃጥሉትስ? ዛሬ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በልበ ሙሉነት ከምንናገረው ውስጥ ስንቱ ይጎድል ነበር? አገራችን በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት ስትነሣ ዓይኗን በሕፃናቱ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ላይ ያሳረፈችው ከእንደነዚህ ያሉ ረጅም ክትትሎች በተገኘ ዕውቀት ነው።

በእንግሊዝም በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱት መካከል 5,362 ሕፃናት ተመርጠው ክትትሉ እስከ እርጅናቸው ቀጥሏል። አጀማመሩ እኮ ስለ እርጅና አልነበረም። እናቶች ለወሊድ ምን ያህል ወጪ እንዳወጡና ምን አገልግሎት እንዳገኙ ለማወቅ ነበር። ጥያቄው ከሕፃናቱ ጋር አብሮ አደገ።

የእኛም አገር እንዳይመስላችሁ ቡታጅራ ብቻ። ዳባት ላይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ፣ ግልገል ጊቤ ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ፣ ቀርሳ ላይ ሐረማያ ከ2007 ጀምሮ፣ ክልተ አውላዕሎ ላይ መቀሌ እንዲሁም አርባ ምንጭ ከ2009 ጀምሮ ቤተሰብ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከእነዚህ መካከል ዳባትና ክልተ አውላዕሎ ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው። በመዝገቦቹ ላይ ስማቸው ያሉ እናቶች ዛሬ የት እንዳሉ መፈለግ የሙያ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ግዴታም ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ጅማ ላይ ደግሞ ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ክብደታቸው ብቻ ሳይሆን ከክብደቱ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ሌላ አካል እንደሆነ ሕፃኑን ለጥቂት ደቂቃ በሚያስተኙበት መሣሪያ ተለካ። ከዚያ ተከተሏቸው። ሲወለዱ ከስብ ውጭ ያለው አካላቸው ዳበር ያለው ልጆች በሁለት ዓመታቸው የአእምሮና የክህሎት እድገታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። "ወፍሯልና ጤነኛ ነው" ለምንል ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልግባ። ማን ይጠፋል?

ቅጻችሁ ላይ "ቤት ተዘግቷል" የሚል ምርጫ ታያላችሁ። "ቦታ ለቅቃለች" የሚልም አለ። ጣታችሁ ታብሌቱ ላይ አንዴ ነካ ሲያደርገው ያቺ እናት ከዕለቱ ሥራችሁ ትወጣለች። ደክሟችኋል፤ ፀሐይ በርትቷል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ቀጣዩ ቤት ሩቅ ነው። ይገባኛል። ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ያንን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ያቺ እናት የት ደረሰች?

ለምን ይህን ያህል እጨቀጭቃችኋለሁ? የሚጠፉት ሴቶች እንደ ሌሎቹ ስላልሆኑ ነው። ከመቶ ሴቶች አሥሩ እንዲያው በዕጣ ቢጠፉ ኖሮ ብዙም ባልጎዳን። ግን በዕጣ አይደለም የሚጠፉት። ትዳሯ የፈረሰባት ትጠፋለች። መሬት የሌላትና ለቀን ሥራ የወጣች ትጠፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ትጠፋለች። ልጇ የሞተባት ትጠፋለች። ቤታቸው ያገኘናቸውን ብቻ ለክተን ብንመለስ የለካነው የቀናቸውን ሴቶች ጤና ነው። ከዚያ ሪፖርት እንጽፋለን፤ ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ደህና ነው፤ ጤና ጣቢያው አምቡላንስ አይጨመርለትም፤ አዋላጅ አይመደብለትም። ጉዳቱ ተመልሶ ለእነዚያው ለጠፉት ይደርሳል።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ትጉህ ልጅ አንድን ቤት በተከታታይ "ዝግ" ብሎ መልሶ ነበር። እውነቱን ነው፤ በሩ ዝግ ነበር። አብረን ሄድን። ጎረቤት ቡና ተፈልቶ ኖሮ ግቡ ተባልን፤ ገባን። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ባለቤቲቱ "እሷማ ለአራስነት እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ የበኩር ልጅ አይደል?" አሉን። አያችሁ? የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ይህ የአገር ልማድ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ግን አልጠየቀም።

ወደ እናቷ ቤት ሄድን። ወንዝ ማዶ ነው። እናቲቱ ደጅ ላይ ጤፍ ያበጥራሉ። "እማማ፣ ልጅዎትን ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤ በደህና ተገላገለች?" አልኳቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው፣ "እሷ ደህና ናት። ልጁ አላደገልንም" አሉኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የኖረው። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ እድር አልተነገረም፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። ልጅቷ ከጓዳ ሆና ትሰማናለች።

ያ ሕፃን የትም አልተጻፈም ነበር። እኛ ባንሄድ ኖሮ በእኛ መዝገብ ላይ እናቱ "ዝግ ቤት" ሆና ትቀር ነበር፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ያልተወለደ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ይህን ከቁጥሩ ጋር አያይዙት። በ2000 በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ የሚሞቱት ከ1,000 ሕፃናት 49 ነበሩ። በ2016 ደግሞ 29። ቀንሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ166 ወደ 67 ሲወርዱ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል፤ የመጀመሪያው ወር ሞት ያን ያህል አልወረደም። ዛሬ ከምናጣቸው ሕፃናት ከመቶ ከአርባ የሚበልጡት የሚሞቱት በዚያ በመጀመሪያው ወር ነው። ያ ወር ደግሞ ሴቲቱ ከቤቷ የማትገኝበት፣ አራሷ ከጓዳ የማትወጣበት፣ ሕፃኑ ለእንግዳ የማይታይበት፣ ቢሞትም የማይወራበት ወር ነው። ዓይናችን በጣም የሚያስፈልግበት ጊዜና ዓይናችን ፈጽሞ የማይደርስበት ጊዜ አንድ ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ነፍሰ ጡሯን ገና ስትመዘግቧት "ለመውለድ ወዴት ትሄጃለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። የእናቷን ቀበሌ፣ የጎጡን ስም፣ በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጻፉ። የወንድሟን ወይም የእህቷን ስልክ ውሰዱ፤ የባሏ ብቻ አይበቃም፤ ከተፋቱ ያ ስልክ አይነሣም። ስለ ልጅ ስትጠይቁም "የሞተ ልጅ አለሽ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ተወልዶ ያለቀሰ፣ የተነፈሰ፣ ግን ያላደገ ልጅ ነበር ወይ?" በሉ። "ነበር" ካለችም ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አትሩጡ። "እግዜር ያጽናሽ" በሉ። ዝም በሉ ትንሽ። ሞቱ በምን እንደሆነ ለማወቅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ የምንጠይቅበት ረጅም ቅጽ አለ፤ ትኩሳት ነበረው ወይ? ጡት ይይዝ ነበር ወይ? አተነፋፈሱ እንዴት ነበር? ያንን በኀዘኗ ሰሞን አታውጡት፤ ቀኑን አብራችሁ ቅጠሩ።

ሌላዋ የምትጠፋ ደግሞ ዓረብ አገር የሄደችው ናት። ልጇን ለአያት ሰጥታ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት የሄደች እናት በየቀበሌው አለች። ቅጹ "እናት" ይላል። ምግቡን የምታበላው፣ ሲያመው ጤና ኬላ የምትወስደው አያቱ ናት። ምን ትጽፋላችሁ? ሁለቱንም ጻፉ። የምታሳድገውን እንደምታሳድግ ጻፉ፤ የወለደችውንም አትሰርዟት። በኢሞ ትገኛለች እኮ! በዕረፍት ቀኗ ትደውላለች። በ2002 የተጀመረውና በአገራችን 2,000 ያህል ሕፃናትን ከአንድ ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ጀምሮ፣ ሌሎች 1,000 ልጆችን ደግሞ ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጥያቄውን በስልክ አድርጓል። በስልክ መጠየቅ ከተቻለ ባሕር ማዶ ያለች እናትም ልትጠየቅ ትችላለች። እዚህ ላይ ቅጽ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ዕድሜም በአጭሩ። የመቀንጨር ልኬት ቁመትን ከዕድሜ ጋር ማመሳከር ነው። ዕድሜው ከተሳሳተ ሴንቲ ሜትሩ ቢጠራ ዋጋ የለውም። የልደት ካርድ የለም? እናትን "መቼ ተወለደ?" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። "ከመስቀል በፊት ነው በኋላ? ለኅዳር ሚካኤል አራስ ነበርሽ? ረመዳን ሲገባ እርጉዝ ነበርሽ ወይስ ወልደሽ ነበር? ለአረፋስ?" እያላችሁ ቀርባችሁ ጠይቁ። እናት የልጇን ልደት አትረሳም፤ የምትቆጥረው በሌላ መቁጠሪያ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፤ ዕዳችን።

በየሄድኩበት የምሰማው ወቀሳ አለ። እናንተም ትሰሙታላችሁ። "መጣችሁ፣ ጻፋችሁ፣ ለካችሁ፣ ሄዳችሁ። እኛ ምን አገኘን?" ይህ ወቀሳ ትክክል ነው። እንድትቆጡበት አልፈልግም። ከልጇ ጣት ላይ ደም የሰጠች እናት ያ ደም የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አላት። ስታረግዝ የጀመራችሁትን ክትትል ልጇ ትምህርት ቤት እስኪገባ ስትቀጥሉ፣ ያ ሁሉ መልሷ ምን እንደሆነ ሊነገራት ይገባል። በእንግሊዝኛ መጽሔት መውጣቱ ለእሷ ምኗ ነው? በእድር ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በሴቶች ልማት ቡድን ስብሰባ፣ በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። በጉራግኛም ከሆነ በጉራግኛ፣ በስልጥኛም ከሆነ በስልጥኛ።

ፈቃድም የእሷ ነው። ባሏ "ግቡ" ማለቱ እሷ ፈቀደች ማለት አይደለም። ዘንድሮ የፈቀደች ለከርሞ "አልፈልግም" ልትል ትችላለች፤ አትከራከሯት፣ ለቀበሌም አትክሰሷት። አመስግናችሁ ውጡ። ጤና ኬላው ላይ ደግሞ ከበፊቱ ባነሰ ፊት እንዳትታይ ተጠንቀቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ይህን አደራ የምለው ለእናንተ ነው።

የታመመ ስታዩስ? አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ "እኛ ለመከታተል እንጂ ለማከም አልመጣንም፤ ከረዳናቸው ጥናቱ ይዛባል" የሚል ክርክር ሰምቼ ደሜ ፈልቷል። የልጁ ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ በመለኪያ ጥብጣቡ የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት በሆነው ቀዩ ላይ ሲያርፍ እያያችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ ብቻ ትወጣላችሁ? ጻፉ፤ ከዚያም ወደ ጤና ኬላ የሚላክበትን ወረቀት ቆርጣችሁ ስጡ፤ መድረሱንም አረጋግጡ። የላካችሁበትን ቀንም መዝግቡ፤ ተመራማሪው ስሌቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሒሳቡ መንገድ አለው። የሞተ ልጅ ግን መንገድ የለውም። ራሷን ስለማጥፋት አስባ እንደምታውቅ የነገረቻችሁን ሴትም በዚያው ምሽት ለተቆጣጣሪያችሁ ሳትናገሩ እንዳታድሩ። በቡታጅራ አጠገብ በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በተራ ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ባሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሊሰጥ እንደሚችል በተግባር ታይቷል። ስለዚህ "የምንልክበት ቦታ የለም" የሚለው ምክንያት በየቦታው የሚያስኬድ አይደለም፤ ከሌለም ጤና ቢሮውን እንጠይቅ፣ እንወትውት።

የተከበራችሁ የቀበሌ አስተዳዳሪዎችና የእድር ዳኞች፣ ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእነዚህ ልጆች መንገድ የሚያሳያቸው የጎጡ ሰው ስጧቸው፤ ከሁሉም ቤት እኩል የሚገባ ሰው ይሁን፣ ከአንዱ ወገን ያልሆነ። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በእድራችሁ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ስጡን፤ ያገኘነውን መጥተን እንንገራችሁ፣ እናንተም ጠይቁን፣ ውቀሱን። እናንተ የጥናቱ ኃላፊዎችም እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣችኋልና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቃችኋለሁ፤ በበጀታችሁ ውስጥ የጠፉ እናቶችን መፈለጊያ የሚሆን የትራንስፖርትና የስልክ ገንዘብ ለብቻው ይያዝ። በቀን ይህን ያህል ቤት ካላዳረሰ ተብሎ አበሉ የሚቆረጥበት ልጅ ወንዝ ማዶ አይሻገርም። ሊሻገርም አይችልም።

ከሻይ በኋላ የቁመት መለኪያ ሰሌዳውን እናወጣለን። እያንዳንዱ ልጅ በሁለት ሰው ነው የሚለካው፤ አንዱ ጭንቅላት፣ አንዱ ጉልበት ይይዛል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሊያለማምዱን መጥተዋል፤ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስትወጡ ሰላም በሏቸው፣ ወንበር ልቀቁላቸው። እስከዚያ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር። አመሰግናለሁ።